ከገንዘቡ በፊት ዕቅዱ፦ የገጠር ማኅበረሰብ የመድኃኒት ሱስን እንዴት ይመክታል?

ትራማዶል፣ ኮዴይን፣ ፔቲዲንና ሞርፊን የአንድ ወገን መድኃኒቶች ናቸው፤ ኦፒዮይድ ይባላሉ። ከቀዶ ሕክምና በኋላ፣ በከባድ አደጋና በካንሰር ጊዜ ሕመም ያስታግሣሉ። ያለ ማዘዣ፣ ከታዘዘው መጠን በላይ ወይም ለስካር ሲወሰዱ ግን ሱስ ያስይዛሉ። የለመደ ሰው ሲያቋርጥ ያልበዋል፣ ሰውነቱን ይቆረጣጥመዋል፣ ተቅማጥ ይይዘዋል፣ እንቅልፍ ያጣል። መጠኑ ሲበዛ ትንፋሽን አዳክሞ ይገድላል፤ ከመጠጥ ጋር ሲሆን ደግሞ አደጋው ይብሳል። ትራማዶል ሲበዛ እንደሚጥል በሽታ ያንቀጠቅጣል።

ይህን ሱስ ገጠር ላይ መመከት ከከተማው ይከብዳል። ሐኪሙ ሩቅ ነው፣ መጓጓዣው ውድ ነው። ሁሉም ሰው ስለሚተዋወቅ ደግሞ ሱስ ያለበት ቤተሰቡን ላለማሳፈር ይደበቃል። ለዚህ ነው አንዳንድ መንግሥታት ለሕክምናው ገንዘብ ከመመደባቸው በፊት፣ ማኅበረሰቡ ተቀምጦ እንዲመክርና እንዲያቅድ ብቻ የሚውል ድጋፍ የሚሰጡት።

የአሜሪካው አሠራር

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ ከ100 ሺህ በላይ ሰዎች መጠኑ በበዛ መድኃኒትና ዕፅ ሞተዋል፤ አብዛኞቹን የገደለው ኦፒዮይድ ነው። የአገሪቱ የጤና ሀብትና አገልግሎት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2018 ለገጠር ማኅበረሰቦች የዕቅድ ድጋፍ ጀመረ። ለአንድ አመልካች እስከ 200 ሺህ ዶላር ለአንድ ዓመት ይሰጥ ነበር። ገንዘቡን አንድ ድርጅት ብቻውን አያገኘውም ነበር፤ ቢያንስ አራት የተለያዩ ተቋማት መተባበር ነበረባቸው። በዓመቱ ውስጥ ችግሩን ያጠኑ፣ የመከላከል፣ የማከምና የማገገም ዕቅድ ያወጡ፣ ምን ዓይነት ባለሙያ እንደሚጎድላቸው ይለዩ፣ ድጋፉ ሲያልቅም ሥራው በምን እንደሚቀጥል ያሳዩ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ለትግበራ የሚውል እስከ 1 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ የ3 ዓመት ድጋፍ ለውድድር ቀረበ። ዕቅዱን የጨረሰ ወደዚህ ውድድር ሲገባ ምን እንደሚጠይቅ ያውቅ ነበር።

እኛም የሄድንበት መንገድ

አሠራሩ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። በ1993 ዓ.ም. መባቻ የዓለም ባንክ ለኤችአይቪ/ኤድስ መከላከያ ወደ 60 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ፈቀደ። ከፊሉ ገንዘብ እስከ ቀበሌ ወርዶ ማኅበረሰቡ ራሱ ባቀደው ሥራ ላይ እንዲውል የታሰበ ነበር። በዚያ ዘመን ብዙ እድሮች ከቀብር ማስፈጸም አልፈው በሕይወት ያሉ ሕሙማንንና ወላጅ አልባ ልጆችን መደገፍ ያዙ። የኦፒዮይድም ሆነ የሌላ ሱስ ዕቅድ የሚያርፈው በዚሁ ልምድ ላይ ነው።

ደብረ ብርሃን ላይ ቢታሰብ

ለምክክሩ የሚያስፈልጉት ሰዎች በደብረ ብርሃንና በአካባቢዋ አሉ። ከተማዋ ሪፈራል ሆስፒታልና ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ ጥናቱን እነዚህ ሊመሩት ይችላሉ። በአንኮበር ቀበሌዎች ቤት ለቤት የሚሄዱት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ናቸው፤ ማን እንደታመመ ቀድመው ያያሉ። የፋርማሲ ባለሙያው ማን ያለ ማዘዣ እንደሚጠይቅ ያውቃል። እድሩ ቤተሰቡን፣ ፖሊስ ደግሞ መድኃኒቱ በየት እንደሚዞር ያውቃሉ።

ቤተ ክርስቲያን ከዚህ ጉባኤ መቅረት የለባትም። በሰሜን ሸዋ ሱስ የያዘውን ልጅ ቤተሰቡ ቀድሞ የሚወስደው ወደ ሆስፒታል ሳይሆን ወደ ጻድቃኔ ማርያም ወይም ወደ ሸንኮራ ዮሐንስ ጠበል ሊሆን ይችላል። በኤችአይቪ ዘመን የወቅቱ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉንና መድኃኒቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል ተናግረው ነበር። ንስሐ አባቶችና ሐኪሞች ከመጀመሪያው አብረው ካልተቀመጡ ዕቅዱ በወረቀት ላይ ይቀራል።

ጥናቱ ቀድሞ ሊመልሰው የሚገባው ጥያቄ “ዋናው ችግር የትኛው ነው?” የሚለው ነው። በአንድ ቀበሌ ትራማዶል፣ በሌላው አረቄ፣ በሌላው ጫት ሊሆን ይችላል። በ2014ቱ ጦርነት የቆሰሉና ሕመማቸው ያልለቀቃቸው፣ ከወለጋ ተፈናቅለው በከተማዋ መጠለያዎች የሚኖሩ ወገኖችም በተለይ መጠየቅ አለባቸው። ድጋፍ ሰጪውን ለማስደሰት ብሎ ያልተጣራውን “የኦፒዮይድ ወረርሽኝ” ማለት ግን ሁለት ጉዳት አለው፤ እውነተኛውን ችግር ይሸፍናል፣ ሞርፊን የሚያስፈልገውን የካንሰር ሕመምተኛም መድኃኒቱን ያሳጣዋል።

ገንዘቡ ሲመጣ

የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የቀድሞው ሕግ በመብት ሥራ ላይ ጥሎት የነበረውን የውጭ ገንዘብ ገደብ አንሥቷል፤ አስተዳደራዊ ወጪም ከገቢው 20 በመቶ እንዳያልፍ ደንግጓል። እንግዲህ የሚያመለክት ቡድን መኪናና አበልን ሳይሆን የሚከተሉትን ያስቀድም፦ የአባላቱን የተፈረመ ስምምነት፣ የሕሙማንን ስም የማያወጣ የመረጃ አሰባሰብ፣ ከሱስ የወጡ ሰዎች ድምፅ፣ ከ12 ወር በኋላ ደመወዙን የሚከፍለውን አካል።

ከዚህ ውስጥ ብዙው ያለ ዶላር ይጀመራል። የእድር ዳኞች ሆይ፣ በሚቀጥለው ወር ስብሰባችሁ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን፣ አንድ የፋርማሲ ባለሙያና አንድ ንስሐ አባት ጥሩ፤ በሠፈራችሁ ሰው በምን እየተጎዳ እንደሆነ ጠይቃችሁ መልሱን በመዝገብ ያዙ። ድጋፍ ሰጪ ቢመጣ የምታሳዩት ይኖራችኋል፤ ባይመጣም ልጆቻችሁን የምትጠብቁበትን ታውቃላችሁ።