በጎ ፈቃድ ለሠሪዋም ይተርፋል

«እኔ ራሴ ረዳት የምሻ ስደተኛ ነኝ፤ ማንን ልርዳ?» የምትል ካለች የቤይሩት እኅቶቻችንን እናስታውሳት። እንደ እናንተው በሰው ቤት የሚሠሩ ኢትዮጵያውያት በ2017 እ.ኤ.አ. «እኛ ለእኛ በስደት» የተባለ ማኅበር መሠረቱ። በ2020 የሊባኖስ ገንዘብ ሲወድቅ ብዙ አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን ደመወዝ ሳይከፍሉ በኢትዮጵያ ቆንስላ ደጅ ጥለዋቸው ሄዱ። ማኅበሩ አስቤዛና መጠለያ ይዞ ደረሰላቸው።

ረጂዋስ ምን ታገኛለች? አንደኛ፣ በችግር ቀን የምትደውልለት ወዳጅ። ሁለተኛ፣ ዕውቀት፤ የሌላዋን ውል ስታነብ የራሷንም መብት ትረዳለች። ሦስተኛ፣ ክብር፤ ሲያዝዟት የዋለች ሴት ምክሯ የሚፈለግ ሰው ትሆናለች።

በጅዳና በመካ መካከል ባለችው በባሕራ ግን ጥንቃቄ ያሻናል። በሳዑዲ ሕግ ያለ ፈቃድ ለእርዳታ ገንዘብ ማሰባሰብ የተከለከለ ነው። ስለዚህ በገንዘብ ሳይሆን በጊዜያችን እንጀምር፦ የታመመችውን ደውለን እንጠይቅ፤ አዲስ ለመጣችው የወጥ ቤቱን ዐረብኛ እናስተምር፤ ማንበብ ለማትችለው መልእክቷን እናንብብላት። ዕረፍት ለሌላትም ማታ ዐሥር ደቂቃ ይበቃል። ሀገር ቤት በእድር የለመድነው ይህንኑ ነው፤ ለሰው የደረሰ ሰው አያጣም።