ሃያሲንት ማካውና የማንዱቪ ዛፍ

ከሚበርሩ በቀቀኖች ሁሉ በርዝመት ሃያሲንት ማካውን የሚስተካከል የለም። ከራሱ እስከ ጭራው ጫፍ 1 ሜትር ያህል ይሆናል፤ ክብደቱም ከ1.2 እስከ 1.7 ኪሎ ግራም ይደርሳል። መላ ላባው ደማቅ ሰማያዊ ሲሆን፣ በዓይኑ ዙሪያና በምንቃሩ ሥር ያለው ራቁት ቆዳ ቢጫ ነው። የሚኖረው በአብዛኛው በብራዚል፣ በጥቂቱም በቦሊቪያና በፓራጓይ ነው። በብዛት የሚገኘው ግን ፓንታናል በተባለው ሰፊ ረግረጋማ ሜዳ ነው።

በፓንታናል ዋና ምግቡ አኩሪና ቦካዩቫ የተባሉ የሁለት ዘንባባዎች ፍሬ ነው። የፍሬውን ጠንካራ ቅርፊት ለመስበር ወፉ በወፍራም ምላሱ እያገላበጠ ከምንቃሩ ጋር ያስማማዋል፤ እንዳያንሸራትተውም አንዳንዴ የእንጨት ስንጣሪ አብሮ ይነክሳል። የአኩሪ ፍሬ ሥጋውን ከብቶች ከበሉለት በኋላ ይቀለዋል፤ ስለዚህ ከብት የዋለበት መስክ ላይ ወርዶ ይለቅማል።

የጎጆው ጉዳይ ከምግቡም የጠበበ ነው። በፓንታናል ከ10 ጎጆዎች 9 ያህሉ የሚገኙት በማንዱቪ ዛፍ ግንድ ውስጥ ነው። እንጨቱ ለስላሳ በመሆኑ ማካው የተጀመረን ጎሬ በምንቃሩ ማስፋት ይችላል። ለዚህ የሚበቃ ጎሬ የሚኖረው ግን ዕድሜው 60 ዓመት ገደማ የደረሰ ዛፍ ነው። የማንዱቪን ዘር በብዛት የሚበትነው ቶኮ ቱካን የተባለው ወፍ ነው፤ ይኸው ወፍ የማካውን እንቁላል ከሚዘርፉት ዋነኛው ነው። ስለዚህ ቱካን ሲበዛ እንቁላል ይጠፋል፣ ሲያንስ ደግሞ የነገው ጎጆ።

እናቲቱ ብዙ ጊዜ ሁለት እንቁላል ጥላ አንድ ወር ያህል ትታቀፋለች። ዘግይቶ የተፈለፈለው ጫጩት ከታላቁ ጋር ምግብ መሻማት ስለማይችል በአብዛኛው ይሞታል። የተረፈው ሦስት ወር ተኩል ገደማ ሲሞላው ከጎጆ ይወጣል። አዝጋሚ ዘር በመሆኑም ጉዳቱ ቶሎ አይተካም።

በ1980ዎቹ ለቤት ወፍነት ወደ 10,000 የሚጠጉ ማካዎች እንደተያዙ ይገመታል። በ1987 ዓለም አቀፍ ንግዱ ታገደ። በ1990 ብራዚላዊቷ የሥነ ሕይወት ተመራማሪ ኔይቫ ጌዴስ የአራራ አዙል ፕሮጀክትን ጀመረች። ፕሮጀክቱ የእንጨት ሣጥን ጎጆዎችን በዛፎች ላይ ይሰቅላል፣ የተፈጥሮ ጎሬዎችን ይጠግናል፣ ጫጩቶችንም ይከታተላል፤ ከብት አርቢዎችም ማንዱቪን ሳይቆርጡ እንዲተዉ ያግባባል። የወፉ ቁጥር ሲያገግም፣ በ2014 ደረጃው «ለመጥፋት የተቃረበ» ከሚለው ወደ «ተጋላጭ» ዝቅ ተደረገ።

በ2020 ግን ሰደድ እሳት ከፓንታናል ከሩብ በላይ አቃጠለ። ዘንባባ ቶሎ ያቆጠቁጣል፤ ዛሬ የበቀለ ማንዱቪ ግን ለጎጆ የሚደርሰው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ነው። እስከዚያ ያለውን ክፍተት የሚሸፍኑት ሣጥኖቹና ሳይቆረጡ የተረፉት አሮጌ ዛፎች ናቸው።