ጸሎት ይቀድማልን ወይስ አገልግሎት?

ባለፈው ዓመት በክፍላችን ክርክር ተደርጎ ነበር። አርእስቱም «ለሰው ልጅ አብልጦ የሚጠቅመው በዋሻ ተቀምጦ የሚጸልይ መናኝ ነው ወይስ ለጎረቤቱ ውሃ የሚቀዳ ሰው ነው?» የሚል ነበር። እኔ ለውሃ ቀጂው ቆሜ ተከራከርሁ፤ ጓደኞቼም አጨበጨቡልኝ፤ አሸነፍሁም። ዳሩ ግን ወደ ቤቴ ስመለስ አያቴ እማሆይ እንደ ልማዳቸው በጓዳው ደጃፍ ተቀምጠው ዳዊት ሲደግሙ አገኘኋቸው። አያቴ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ቆብ ደፍተው የሚኖሩ መነኩሲት ናቸው። በአደባባይ ያሸነፍሁት ማንን እንደ ሆነ ባሰብሁ ጊዜ ደስታዬ ቀዘቀዘ። ነገሩን እንደ ገና እንድመረምርና ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ያ ቀን ነው።

ውድ አንባብያን ሆይ፤ እኛ የላስታ ልጆች ይህን ጥያቄ ሸሽተን የምናመልጥበት ቦታ የለንም። ወደ ቤተ ጊዮርጊስ የወረደ ሰው በግቢው ግድግዳ ላይ የተፈለፈሉትን ትንንሽ ዋሻዎች ያያል። ወደ አሸተን ማርያም የወጣም ሰው እንዲሁ ዓለምን የተዉ ሰዎች የኖሩበትን አለት ይረግጣል። እነዚህ ሰዎች ወገናቸውን ጥለው የሸሹ ናቸውን? ወይስ እኛ ያላየነውን አንድ ነገር አይተው ነበር?

በመጀመሪያ የምናኔ ሥርዓት ከየት እንደ መጣ እንመልከት። በቤተ ክርስቲያን ታሪክ የመነኮሳት አባት የሚባለው እንጦንስ በ3ኛው መቶ ዓመት በግብፅ ተወለደ። ወላጆቹ ከሞቱ በኋላ የወረሰውን መሬት ለመንደሩ ሰዎች ትቶ፣ ገንዘቡን ለድኆች አካፍሎ መነነ። በኋላም ሰው በተወው አንድ ምሽግ ውስጥ 20 ዓመት ያህል ብቻውን ተቀመጠ። በክርክሩ ጊዜ እኔ ታሪኩን እዚህ ላይ አቁሜው ነበር፤ ነገር ግን ታሪኩ እዚህ ላይ አይቆምም። እንጦንስ ከምሽጉ በወጣ ጊዜ ያዘኑትን የሚያጽናና፣ የተጣሉትን የሚያስታርቅ ሰው ሆኖ ተገኘ። በ311 እ.ኤ.አ. የሮም ንጉሥ መክሲሚኖስ ክርስቲያኖችን ባሳደደ ጊዜም በረሃውን ትቶ ወደ እስክንድርያ ወርዶ በወህኒ ቤትና በማዕድን ጉድጓድ የነበሩትን እስረኞች አገለገለ። ይህንንም የጻፈልን የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት አትናቴዎስ ነው። ሞት በተፈራበት ከተማ ውስጥ ያለ ፍርሃት ሊመላለስ የቻለው ብቻውን በነበረበት ዘመን ከራሱ ፍርሃት ጋር ብዙ ጊዜ ታግሎ ስለ ነበር ይመስለኛል።

በአገራችን ገዳማት መጽሐፈ መነኮሳት የሚባሉ ሦስት መጻሕፍት ይነበባሉ፤ እነርሱም ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ ለጥያቄያችን ከሁሉ ይልቅ የሚቀርበው ማር ይስሐቅ ነው። እርሱ በ7ኛው መቶ ዓመት የነነዌ ጳጳስ ሆኖ ተሹሞ ነበር፤ ነገር ግን ከጥቂት ወራት በኋላ ሹመቱን ትቶ ወደ ብሕትውና ሄደ። ትምህርቱም ለጆሮ ይከብዳል፤ ሰው የራሱን ነፍስ ከኃጢአት ማሰሪያ መፍታቱን ባሮችን ነጻ ከማውጣት ያስበልጣልና። ይህን ያነበበ ሰው ማር ይስሐቅ ለሰው የማይራራ ነበር ሊል ይችላል። ሆኖም የሚራራ ልብ ምን እንደ ሆነ ሲያስረዳ ለሰው ብቻ ሳይሆን ለአዕዋፍ፣ ለአራዊት፣ ለእውነት ጠላቶች እንኳ ሳይቀር የሚቃጠልና የሚያለቅስ ልብ ነው ብሎ ያስተምራል። እንግዲህ ጸጥታውን የፈለገው ርኅራኄን ለመሸሽ አልነበረም፤ እንዲህ ያለው ርኅራኄ የሚበቅለው በጸጥታ ውስጥ ነው ብሎ ስላመነ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ አገራችን እንመለስ። በ13ኛው መቶ ዓመት የነበረው አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በደብረ ዳሞ በአባ ዮሐኒ እጅ ከመነኮሰና ከተማረ በኋላ ወደ ወሎ መጥቶ በሐይቅ እስጢፋኖስ ተቀመጠ። በዚያም ትምህርት ቤት አቋቋመ፤ መጻሕፍትንም ሰበሰበ። በ1280 እ.ኤ.አ. ገደማ ለገዳሙ የሰጠው ወንጌል እስከ ዘመናችን ደርሷል። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከእርሱ ዘንድ ተምሮ ነው ወደ ሸዋ ተመልሶ በኋላ ደብረ ሊባኖስ የተባለውን ገዳም የመሠረተው። እኛ ዛሬ በወንበር ላይ ተቀምጠን ስንማር ማንበብና መጻፍን ለብዙ ዘመን ጠብቀው ያቆዩልን እነዚያ ከዓለም የራቁ ሰዎች መሆናቸውን መርሳት አይገባንም።

የዛግዌ ነገሥታትም ታሪክ ከዚህ ጋር ይስማማል። ይምርሐነ ክርስቶስ ንጉሥም ካህንም እንደ ነበረ ይነገራል፤ በዋሻ ውስጥ ያሠራውም ቤተ ክርስቲያን ዛሬ ድረስ ቆሟል። በ13ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ግድም የነበረው ግብፃዊው ክርስቲያን ጸሐፊ አቡ አል-መካሪም የሐበሻ ነገሥታት ካህናት እንደ ሆኑና በገዛ እጃቸው ሰው እስካልገደሉ ድረስ እንደሚቀድሱ ጽፏል። በዚያ ዘመን አስተሳሰብ ሕዝብን የሚያስተዳድር ሰው አስቀድሞ በመሠዊያው ፊት የሚቆምበት ንጹሕ እጅ ያስፈልገው ነበር ማለት ነው።

የቅዱስ ላሊበላ ሥራ ራሱ አንድ ትምህርት ይሰጠናል። 11ዱ አብያተ ክርስቲያናት፣ በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት፣ እንደ ሌላ ሕንፃ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርድሮ የተሠሩ አይደሉም። ቤተ ጊዮርጊስን ለምሳሌ ብንወስድ ሠራተኞቹ አለቱን ዙሪያውን ቆፍረው ትልቁን ቋጥኝ ለይተው ካቆሙት በኋላ ከላይ ወደ ታች እየጠረቡ፣ ውስጡንም እየፈለፈሉ አወጡት። የክረምቱም ውሃ እንዳይጎዳቸው መውረጃ ቦይ አበጁላቸው። ቤተ መድኃኔ ዓለም ከ33 ሜትር የሚበልጥ ርዝመትና ከ23 ሜትር የሚበልጥ ስፋት አለው፤ ይህ ሁሉ የተገኘው የማያስፈልገውን በማስወገድ ነው። ውስጡ ባይፈለፈል ኖሮ ከውጭ የቱንም ያህል ቢያምር አንድ ሰው እንኳ ሊያስጠልል ባልቻለ ነበር። አባቶቻችን ስለ ነፍስ የሚያስተምሩት ከዚህ አይለይም፤ ትዕቢትና ምስጋና ፈላጊነት ከውስጡ ያልወጣለት ሰው ለሌላው የሚሆን ቦታ የለውም።

ነገር ግን የተቃዋሚውን ወገን ንግግር ሳልጠቅስ ባልፍ እውነተኛ አልሆንም። የቂሣርያው ባስልዮስ ብቻውን ስለሚኖር ሰው ሲናገር፣ ይህ ሰው የማንን እግር ያጥባል ብሎ ጠይቋል። ይህ ጥያቄ ለእኛ ለላሊበላ ሰዎች እንግዳ አይደለም። ታኅሣሥ 29 ቀን ለጌታችን ልደትና ለቅዱስ ላሊበላ የልደት በዓል ብዙ ቀን በእግሩ ተጉዞ የመጣውን እንግዳ የከተማችን ሰው ተቀብሎ እግሩን ያጥባል። በቤተ ማርያም ዙሪያ ካህናቱ ከላይና ከታች ሆነው የሚዘምሩትን «ቤዛ ኩሉ»ን የሚሰማ እንግዳ አስቀድሞ እግሩ የታጠበለት ሰው ነው። ስለዚህ ጸሎትን ለስንፍናው መሸፈኛ የሚያደርግ ሰው ቢኖር ባስልዮስም አገራችንም ይፈርዱበታል። ይሁን እንጂ ራሱ ባስልዮስ አስቀድሞ በጶንጦስ ምድር በወንዝ ዳር ተገልሎ በጸሎትና በትምህርት መኖሩን ልብ እንበል። በ369 እ.ኤ.አ. ገደማ በቀጰዶቅያ ታላቅ ረሃብ በሆነ ጊዜ ባለጸጎችን ገሥጾ እህል ያስወጣና የተራቡትን ያበላ፣ ኋላም ለድኆችና ለሕሙማን መጠለያ ያሠራ ሰው ያ ከጸጥታ የመጣው ሰው ነው።

እስካሁን የጻፍሁት ከመጽሐፍና ከሽማግሌ የተገኘ ነው፤ ያየሁትንም ልናገር። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ወደ ከተማችን ሲገባ እኔ ገና ልጅ ነበርሁ። መብራትና ስልክ ተቋረጠ፤ ባንክም ተዘጋ፤ እንግዳ የሚባል ጠፋ። በቤታችን የነበረው ገብስ እየጎደለ ሄደ። አንድ ቀን እማሆይ ቁናውን አንሥተው ከቀረው ላይ ግማሹን ለጎረቤታችን ለባለ ሕፃናቷ ሴት ሊሰፍሩ ሲሉ አየኋቸው።

«እማሆይ፣ እኛስ ምን ልንበላ ነው?» አልኋቸው።

«ልጄ፣ ነገ የእኛ አይደለችም፤ ይልቅ ቁናውን ደግፍልኝ» አሉኝ።

እጃቸው አልተንቀጠቀጠም፤ የእኔ ግን ተንቀጠቀጠ። ያን ጊዜ እማሆይ በተፈጥሮአቸው ደፋር ስለ ሆኑ ነው ብዬ አሰብሁ። አሁን ግን ሌላ ምክንያት አገኘሁለት። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ምእመናን በዓመት ወደ 180 ቀን፣ ካህናትና መነኮሳት ደግሞ ወደ 250 ቀን ይጾማሉ። ከጾሙም የተረፈው ምግብ የድኆች ነው ተብሎ ይሰበካል። በጾም ብዛት የራሳቸውን ድርሻ መተው የለመዱ ሰው፣ የክፉው ቀን በመጣ ጊዜ እህሉን ከሁለት ለመክፈል አዲስ ትምህርት አላስፈለጋቸውም። እኔ ደግሞ ያን ትምህርት ስላልተማርሁ ቁናውን የያዝሁት እየፈራሁ ነው።

ሁለተኛውም ነገር ከክርክሩ በኋላ የሆነ ነው። ለአረጋውያን ውሃ ከሚቀዱ ተማሪዎች ጋር ተቀላቅዬ ለአንድ ብቻቸውን ለሚኖሩ ሽማግሌ በየሳምንቱ ጀሪካን ተሸክሜ እሄድ ነበር። ሽማግሌው ግን አንድ ቀን እንኳ ሳያመሰግኑኝ ቀሩ፤ እንዲያውም ውሃውን በደጃቸው አፈሰስህ ብለው ተቆጡኝ። በሦስተኛው ሳምንት ተናድጄ ተውሁት። እማሆይ ይህን ሲሰሙ አልገሠጹኝም፤ እንጀራ ሊጋግሩ እሳት እያነደዱ ነበርና፣

«ምጣዱ ሳይግል ሊጥ ብናፈስስበት ምን ይሆናል?» አሉኝ።

«ይጣበቃላ፤ እንጀራውም ይቀደዳል» አልኋቸው።

«እንግዲያው ጥፋቱ የሊጡ አይደለማ» ብለው ዝም አሉ።

ሊጡ መልካም ነበረ፤ ውሃ መቅዳቱም መልካም ነበረ። ያልጋለው እኔ ነበርሁ። ለሽማግሌው የምቀዳ መስሎኝ ለጭብጨባው እቀዳ ኖሯል፤ ጭብጨባው ሲቀር እግሬም ቀረ። የተጎዱት ግን እኔ አይደለሁም፤ ያለ ውሃ የሰነበቱት ሽማግሌው ናቸው። የውስጥ ሕይወት ጉድለት በራስ ላይ ብቻ የማይቀር፣ በተቸገረው ሰው ላይ የሚወርድ ጉዳት መሆኑን የተረዳሁት በዚህ ነው።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የደረስሁበት ሐሳብ የሚከተለው ነው። ጸሎት ይቀድማል ማለት አገልግሎት ይናቃል ማለት አይደለም፤ ሥር ከፍሬ ይቀድማል እንደ ማለት ነው። በማርታና በማርያም ታሪክም ጌታ የማርታን ሥራ አልነቀፈም፤ የነቀፈው በብዙ ነገር መታወኳን ነው። ደግሞም ቅደም ተከተሉ እንደ ብረት የጸና አይደለም። የግብፅ በረሃ አባቶች እንግዳ በመጣባቸው ጊዜ ጾማቸውን ትተው አብረው ይበሉ ነበር፤ ጾሙ ዘወትር አለ፤ እንግዳው ግን ይሄዳልና። ጎረቤቱ እየጮኸ ዳዊቱን ልጨርስ የሚል ሰው ዳዊቱን አልተማረውም። ጸሎታችን እውነተኛ መሆኑ የሚታወቀው በመጨረሻው ወደ ጎረቤት ደጃፍ የሚያደርሰን የሆነ እንደ ሆነ ነው፤ አገልግሎታችንም እውነተኛ መሆኑ የሚታወቀው ምስጋና በሌለበት ቀን ነው።

ጓደኞቼ ሆይ፤ በዚህ ዓመት ትምህርታችንን ጨርሰን ከምንለያየው ውስጥ አንዳንዶቻችን ሐኪም፣ አንዳንዶቻችን መምህር፣ አንዳንዶቻችንም ገበሬ ወይም ነጋዴ እንሆናለን። አገራችን ብዙ አገልጋይ ትፈልጋለች። ነገር ግን ቶሎ ተነሥቶ ቶሎ የሚሰለች አገልጋይ ከችግሯ አያወጣትም። ስለዚህ ሁላችን ወደ ዋሻ እንግባ አልልም፤ በየቀኑ ጧት ወደ ሥራ ከመሄዳችን በፊት ጥቂት ጊዜ ዝም ብለን ለማንና ስለ ምን እንደምንሠራ በፈጣሪያችን ፊት ራሳችንን እንጠይቅ እላለሁ።

እኔም ይህን ከጀመርሁ ወዲህ ወደ ሽማግሌው ቤት ተመልሻለሁ። ጀሪካኑን ከደጃቸው አስቀምጬ ጤና ይስጥልኝ ብዬ እመለሳለሁ። ሽማግሌው እስከ ዛሬ አላመሰገኑኝም፤ ባለፈው ሳምንትም ዘገየህ ብለው ተቆጥተውኛል። ቅዳሜ ደግሞ እሄዳለሁ።