እንግዳና ባለቤት፦ ፕሮባዮቲክና ፕሪባዮቲክ ለሚሮጥና ተቀምጦ ለሚውል ሰው

በአንድ ጎልማሳ ሰውነት ውስጥ 38 ትሪሊዮን ያህል ባክቴሪያ እንደሚኖር ይገመታል፤ አብዛኛው ትልቁ አንጀት ውስጥ ነው። ሁሉም ቢሰበሰብ ክብደቱ ከሩብ ኪሎ አይበልጥም። ሥራው ግን ብዙ ነው፦ እኛ መፍጨት ያቃተንን የምግብ አሰር ያብላላል፣ አንዳንድ ቫይታሚኖችን ይሠራል፣ የሰውነት መከላከያችንንም ወዳጅና ጠላት እንዲለይ ያሠለጥናል። በፋርማሲ መደርደሪያ ላይ የተደረደሩት ክኒኖችና ዱቄቶች የሚሸጡት ይህን ማኅበር ያግዛሉ ተብሎ ነው።

ሐሳቡ የቆየ ነው። በፓሪሱ የፓስተር ተቋም ይሠራ የነበረው ኤሊ ሜችኒኮፍ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የቡልጋሪያ ገበሬዎችን ረጅም ዕድሜ ከእርጎ ጋር አያይዞ ጽፎ ነበር። በ2001 እ.ኤ.አ. በዓለም የምግብና እርሻ ድርጅትና በዓለም ጤና ድርጅት የተሰበሰቡ ባለሙያዎች ፕሮባዮቲክን በበቂ መጠን ሲወሰድ ለጤና የሚበጅ ሕያው ተህዋስ ብለው ተረጎሙት። ፕሪባዮቲክ የሚለውን ስም ደግሞ ተመራማሪዎቹ ጊብሰንና ሮበርፍሮይድ በ1995 አወጡለት፤ በአንጀት ያሉትን ጠቃሚ ተህዋስያን የሚመግብ፣ እኛ የማንፈጨው የምግብ ክፍል ነው። ፕሮባዮቲክ ከውጭ የሚመጣ እንግዳ ነው፤ ፕሪባዮቲክ ለቤቱ ባለቤቶች የሚቀርብ ቀለብ። እንግዳው አብዛኛውን ጊዜ መውሰዱ በተቋረጠ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ይሄዳል።

የረጅም ርቀት ሯጭ በዚህ ጉዳይ ላይ ሁለት ችግር አለበት። በብርቱ ሩጫ ጊዜ ደም ከአንጀት ወደ ጡንቻና ወደ ቆዳ ስለሚሄድ ሆድ ይታወካል፤ ከባድ የልምምድ ወቅት ሲበዛም ጉንፋን ይደጋገማል። በአውስትራሊያ በ20 ታዋቂ ወንድ ሯጮች ላይ ተደርጎ በ2010 የታተመ ጥናት፣ ፕሮባዮቲክ በወሰዱበት ጊዜ የመተንፈሻ ሕመም የታየባቸው ቀናት በድምሩ 30፣ ፕሮባዮቲክ የሌለበት ማስመሰያ በወሰዱበት ጊዜ ደግሞ 72 እንደነበሩ አሳየ። በእንግሊዙ የላፍበራ ዩኒቨርሲቲ በ84 ስፖርተኞች ላይ በፕሮባዮቲክ መጠጥ የተደረገ የክረምት ሙከራም የጉንፋን መቀነስ ታየበት። ያው ዓይነት መጠጥ ከ200 በሚበልጡ ሰዎች ላይ ሲደገም ግን ውጤቱ አልተገኘም። ፊንላንድ ውስጥ በ141 የማራቶን ሯጮች ላይ ለሦስት ወር በተደረገ ሙከራ ጉንፋኑ አልቀነሰም፤ ከውድድሩ በኋላ የነበረው የሆድ ሕመም ግን ፕሮባዮቲክ ለወሰዱት ቶሎ አለፈላቸው። ስለዚህ ጥቅሙ እንደ ባክቴሪያው ንዑስ ዝርያ፣ እንደ መጠኑና እንደ ሰውየው ይለያያል። ፍጥነት ይጨምራል የሚለው ማስታወቂያ ማስረጃው ደካማ ነው። ፕሪባዮቲክ ዱቄትም በብዛት ሲወሰድ ሆድ ስለሚነፋ፣ ሯጭ በውድድር ሳምንት ሊጀምረው አይገባም።

ተቀምጦ ለሚውል ሰው ጥያቄው ሌላ ነው፤ ድርቀት፣ ክብደት፣ የደም ስኳር። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን ከቺኮሪ ተክል የሚገኝ ኢኑሊን የተባለ ፕሪባዮቲክ በቀን 12 ግራም ሲወሰድ ሆድን እንደሚያቀና ተቀብሏል፤ የቀረቡለትን የፕሮባዮቲክ ማመልከቻዎች ግን አብዛኞቹን ውድቅ አድርጓል። በክብደት ላይ የታየው የፕሮባዮቲክ ውጤት በአማካይ አንድ ኪሎ እንኳ አይሞላም። ከሁሉ ይልቅ ልቤን የሚነካው በአሜሪካ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የተደረገው ሙከራ ነው። ስፖርት የማይሠሩ 32 ሰዎች ምግባቸውን ሳይለውጡ፣ በሳምንት ሦስት ቀን ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ለስድስት ሳምንት ሠሩ። የአንጀትን ግድግዳ የሚመግቡ አሲዶችን የሚሠሩት ባክቴሪያዎች በረከቱ፤ ለውጡ ቀጭን በሆኑት ላይ ጎላ ብሎ ታየ። ተመልሰው ሲቀመጡ ግን ያተረፉት አብዛኛው ጠፋ። እንቅስቃሴ ራሱ አንጀትን የሚያበጅ ነው፤ የማይቋረጥ መሆን ግን አለበት።

የእኛም ማዕድ እዚህ ላይ ብዙ ይናገራል። እርጎ ውስጥ ሕያው ባክቴሪያ አለ፤ ያልተፈላ ወተት ግን ብሩሴላ የተባለውን ባክቴሪያና የሳንባ ነቀርሳን ስለሚያስተላልፍ፣ አፍልቶ በእርሾ ማርጋት ይሻላል። የእንጀራ እርሾ ሕይወት ምጣድ ላይ ያልቃል፤ የጤፉ አሰር ግን ይቀራል። በሽሮ፣ በምስር፣ በገብስ፣ በሽንኩርትና በነጭ ሽንኩርት ውስጥ ያለው አሰር ለአንጀት ባለቤቶች እውነተኛ ቀለብ ነው። የጾም ገበታችን ሳናስበው በፕሪባዮቲክ የተሞላ ነው።

ጤነኛ ሰው እነዚህን ማሟያዎች ብዙ ጊዜ ያለ ችግር ይወስዳል። በጠና ለታመመ ሰው ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ በ2008 የወጣ የሆላንድ ጥናት፣ ከባድ የቆሽት ብግነት ካለባቸው ሕሙማን ፕሮባዮቲክ ከተሰጣቸው 24፣ ማስመሰያ ከተሰጣቸው 9 እንደሞቱ አሳይቷል። የመከላከል አቅሙ የተዳከመ ሰው ሐኪም ሳያማክር አይጀምር።

ሯጩ ከመግዛቱ በፊት ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ንዑስ ዝርያ ስም ያንብብ፤ በልምምድ ወቅት ለጥቂት ሳምንታት ሞክሮ ሆዱ ያገኘውን ይመዝን። ተቀምጦ የሚውለው ደግሞ ለማሟያ ያሰበውን ገንዘብ በምስርና በገብስ ይለውጥ፤ ከሥራ ሲወጣም ግማሽ ሰዓት በእግሩ ይሂድ። እንግዳ ቢጋበዝም ቤቱን የሚያቆመው በየቀኑ የሚመገበው ባለቤት ነው።