የአፈር ግድብ ካላችሁ፣ ከእግሩ በኩል ሂዱና እዩት

በሰርቦ ዙሪያ ለቡና ማጠቢያም ሆነ ለመስኖ በአፈር ግድብ ውሃ የምታጠራቅሙ፦ ክረምቱ ሳይገባ ግድቡን በታች በኩል እዩት። ጥቂት ጥርት ያለ ውሃ ቢያዥ ብዙ አያስደነግጥም፤ መጠኑን ተከታተሉ። ከደፈረሰ ግን ውሃው አፈሩን ከውስጥ እየሸረሸረ ነው። ወዲያው የታችኛውን ሰፈር አስጠንቅቁ፣ ውሃውን ቀስ እያላችሁ አጉድሉ፣ መሐንዲስ ጥሩ።

የምስጥ ኩይሳና የጃርት ጉድጓድ ለውሃ መንገድ ይከፍታሉ። ባሕር ዛፍማ ግድብ ላይ አይተከልም! ሥሩ ሲበሰብስ ቀዳዳው ይቀራል።

የትርፍ ውሃ ማስተንፈሻውን ዓሣ እንዳያመልጥ ብሎ በእንጨት የሚያጥር አለ፤ ይህ ድፍረት ነው። ውሃ አናቱን ተሻግሮ ከፈሰሰ የአፈር ግድብ በሰዓታት ውስጥ ሊናድ ይችላል።

ኬንያ፣ ሶላይ ውስጥ በግንቦት 2010 ዓ.ም. የአንድ የግል እርሻ ግድብ ማታ ተደርምሶ ከ40 በላይ ሰዎች ሞተዋል።