ቁልፉን ከማን ጋር ተስማማን? ቪፒኤን እና የሰነድ ጉዳይ



በየካቲት 2015 ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ በአገራችን ሲገደቡ ብዙዎቻችን በአንድ ጊዜ የቪፒኤን ተጠቃሚ ሆንን። ገደቡ እስከ ሐምሌ ዘለቀ። በእነዚያ ወራት እኔም ስልኬ ላይ ሦስት ነጻ ቪፒኤን ጭኜ ነበር፤ የአንዱንም ባለቤት ግን አላውቅም። ገደቡ ቢነሳም አፖቹ ዛሬም በብዙዎቻችን ስልክ ላይ አሉ። ስለዚህ አሠራሩን ማወቅ ይጠቅመናል።

ቪፒኤን በስልካችንና በአንድ ሩቅ ሰርቨር መካከል የሚዘረጋ የተቆለፈ መተላለፊያ ነው። መሃል ላይ ያለ ሰው መረጃ ማለፉን ያያል እንጂ ይዘቱን አያነብም። ለመቆለፍና ለመክፈት ግን ሁለቱም ወገኖች አንድ ዓይነት ቁልፍ ያስፈልጋቸዋል። ቁልፉ እንዴት ይድረሳቸው? እ.ኤ.አ. በ1855 ሐረር የገባው ሪቻርድ በርተን የከተማዋ በሮች ማታ ሲዘጉ ቁልፎቹ ወደ አሚሩ ይወሰዱ እንደነበር ጽፏል። እዚያ ቁልፉን የሚሸከም የታመነ ሰው አለ። በኢንተርኔት ግን ቁልፉን የምንልክበት መንገድ ራሱ ሊሰለል ይችላል።

ዊትፊልድ ዲፊ እና ማርቲን ሄልማን እ.ኤ.አ. በ1976 ያሳተሙት መፍትሔ ቁልፉን ጭራሽ አለመላክ ነው። በትንንሽ ቁጥሮች እንየው። 2 እና 13 ማንም የሚያውቃቸው ቁጥሮች ይሁኑ። ስልኩ በምስጢር 5ን ይመርጣል፤ አምስት 2ቶችን አባዝቶ 32 ያገኛል፤ ለ13 ሲያካፍል የሚተርፈውን 6 ይልካል። ሰርቨሩ በምስጢር 4ን ይመርጣል፤ አራት 2ቶችን አባዝቶ 16 ያገኛል፤ ቀሪውን 3 ይልካል። አሁን ስልኩ የደረሰውን 3 አምስት ጊዜ አባዝቶ ከ243 ቀሪው 9 ይሆንለታል። ሰርቨሩም 6ን አራት ጊዜ አባዝቶ ከ1296 ቀሪው 9 ይሆንለታል። ቁልፉ 9 ነው፤ በመንገድ ላይ ግን አላለፈም። ሰላዩ ያየው 2፣ 13፣ 6 እና 3ን ብቻ ነው። በእነዚህ ቁጥሮች በሙከራ ሊደርስበት ይችላል፤ በተግባር ግን ከ600 በላይ አሃዞች ያሉት ቁጥር ስለሚወሰድ ወይም ሌላ የሒሳብ ዘዴ ስለሚተካው ሙከራው አያዋጣም።

ነገሩ በዚህ አያልቅም። ሌባ መሃል ገብቶ ለስልኩ «ሰርቨሩ እኔ ነኝ»፣ ለሰርቨሩ ደግሞ «ስልኩ እኔ ነኝ» ቢልስ? ከሁለቱም ጋር የተለያየ ቁልፍ ይስማማል፤ ሁሉንም እያነበበ ያስተላልፋል። ምስጠራው ፍጹም ነው፤ የተደረገው ግን ከሌባው ጋር ነው። ማንነትን ማረጋገጥ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

መድረሳ የተማርን ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለብንም። የሐዲስ መትን ምንም ቢያምር ሰነዱ ይጠየቃል። ኢጃዛ ያለው ኡስታዝም ከማን እንደተማረ፣ መምህሩም ከማን እንደወሰደ ይታወቃል። እንደ ኦፕንቪፒኤን ያሉ ሥርዓቶች በዚሁ መንገድ ሰርተፊኬት ይጠቀማሉ፦ ሰርቨሩ መልእክቱን በራሱ ዲጂታል ፊርማ ይፈርማል፤ ፊርማው የእሱ መሆኑን ስልካችን የሚያምነው ሌላ አካል ይመሰክራል። በዋየርጋርድ ደግሞ ሁለቱ ወገኖች አንዱ የሌላውን ይፋዊ ቁልፍ አስቀድመው ይይዛሉ። ሥራ ላይ እያለም በየሁለት ደቂቃው ገደማ አዲስ ቁልፍ ስለሚስማማ፣ አንድ ቁልፍ ቢሰረቅ ያለፈው ሁሉ አይገለጥም።

ንጽጽሩ ግን ገደብ አለው። የሐዲስ ሊቃውንት የተራኪውን ስም ብቻ ሳይሆን ዓዳላውንም ይመረምራሉ። ሰርተፊኬት የሚመሰክረው «ይህ እገሌ ነው» ብሎ ብቻ ነው፤ «እገሌ አማና ጠባቂ ነው» አይልም። የቪፒኤኑ ባለቤት የትኞቹን ድረ ገጾች እንደምንጎበኝ ማየት ይችላል። ከጎረቤት ዓይን ሸሽተን ወደማናውቀው ሰው ቤት ገባን ማለት ነው።

እንግዲህ ዛሬ ማታ ስልካችንን እንክፈት። ባለቤቱን የማናውቀውን ቪፒኤን እናጥፋ። የሰርተፊኬት ማስጠንቀቂያ ሲመጣ «ቀጥል» ብለን አንለፍ። ባለቤቱን በማናውቀው ቪፒኤን የባንክ አፕ አንክፈት። ወሬ ሲመጣ ማጣራትን በሱረቱል ሑጁራት የተማርን ሰዎች፣ ምስጢራችንን ለምንሰጠው አካል ከዚያ ያነሰ ጥንቃቄ ሊኖረን አይገባም።

ወላሁ አዕለም።