የፍቅር ልብ ወለድ ደራሲና ተመላሽ ደንበኛው
ለዲላና ለጌዴኦ ነጋድያን የቀረበ ማብራሪያ

በዲላ ከተማ ደብተርና እስክርቢቶ ከሚሸጥባቸው ሱቆች በአንዳንዶቹ ውስጥ፣ ከካርኔውና ከፖስታው አጠገብ፣ ጥቂት የፍቅር ልብ ወለድ መጻሕፍት ተደርድረው ይታያሉ። ባለሱቁም ሆነ መንገደኛው እነዚህን መጻሕፍት እንደ ሱቅ ጌጥ እንጂ እንደ ዋና ሸቀጥ አይመለከታቸውም። ይሁን እንጂ ከአብዛኞቹ መጻሕፍት በስተኋላ ገንዘቡን አውጥቶ፣ ዕዳ ገብቶ፣ ትርፍና ኪሳራውን በራሱ ላይ የወሰደ አንድ ነጋዴ አለ፤ እርሱም ደራሲው ራሱ ነው። ይህ ሰው ሁለተኛ መጽሐፍ ለማሳተም መቻሉና አለመቻሉ የሚወሰነው የመጀመሪያውን ያነበበው ሰው ተመልሶ በመምጣቱ ነው። አንባቢው የሚመለሰው ደግሞ ወደ ደራሲው ቤት ሳይሆን ወደ ባለሱቁ መደርደሪያ ስለሆነ፣ ጉዳዩ የንግዱን ማኅበረሰብ በቀጥታ ይነካል።

በመጀመሪያ በማተምና በማሳተም መካከል ያለውን ልዩነት መለየት ያስፈልጋል። ማተሚያ ቤት የታዘዘውን ሥራ ሠርቶ ዋጋውን ይቀበላል፤ መጽሐፉ ይሸጥ አይሸጥ አይመለከተውም። አሳታሚ ግን ድርሰቱን ተቀብሎ በራሱ ገንዘብ ያሳትማል፣ ያሠራጫል፣ ቢከስርም ኪሳራው የራሱ ነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለውን መጽሐፍ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ካሳተሙ፣ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤትም በ1914 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ፣ በአገራችን ማተሚያ ቤት በዝቷል፤ አሳታሚ ግን አልበዛም። በደርግ ዘመን ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ይህን ሥራ በሰፊው ይዞት ነበር፤ በ1975 ዓ.ም. የወጣውን የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ» ያሳተመውም እርሱ ነው። ኩራዝ ከቀረ በኋላ ግን ሸክሙ በአብዛኛው ወደ ደራሲው ትከሻ ተመልሷል። ደራሲው ከደመወዙ ቈጥቦ፣ ከወዳጅ ተበድሮ ወይም ዕቁብ ጠብቆ የማተሚያ ቤቱን ሒሳብ ይከፍላል፤ ከዚያም መጽሐፉን ለአከፋፋይ፣ ለመጻሕፍት መደብርና ለአዟሪ ያስረክባል።

የሒሳቡን ጠባይ ለማሳየት ያህል ብቻ አንድ የታሰበ ምሳሌ ይወሰድ። አንድ ደራሲ 1,000 ቅጂ አሳተመ፤ አንዱ ቅጂ በማተሚያ ቤት 150 ብር ፈጀ፤ የሽፋኑ ዋጋ 300 ብር ሆነ፤ አከፋፋይና ባለሱቅ በአንድነት 35 በመቶ ወሰዱ እንበል። ለደራሲው ከአንድ ቅጂ 195 ብር ይደርሰዋል። ለማተሚያ ቤት የከፈለው 150,000 ብር ተመልሶ እጁ የሚገባው 770ኛው ቅጂ ሲሸጥ ነው። የቀሩት 230 ቅጂዎች ሁሉ ቢሸጡ ጠቅላላ ትርፉ 45,000 ብር ይሆናል፤ ይኸውም ለዓመታት ድካም የሚከፈል ዋጋ ነው። እንግዲህ በመጀመሪያው መጽሐፍ ሀብታም የሚሆን ሰው አለመኖሩ ከዚህ ይታያል። ነገር ግን ከእነዚያ አንባብያን 400ው ሁለተኛውን መጽሐፍ በወጣ በወሩ የሚገዙ ቢሆኑ፣ 78,000 ብር፣ ማለት ከኅትመቱ ዕዳ ከግማሽ የሚበልጠው፣ ወዲያው ይመለሳል። ደራሲውም ቍርጥ ደንበኛ እንዳለው ሲያውቅ 1,000 በነበረው ፈንታ 2,000 ቅጂ ለማዘዝ ይደፍራል፤ የማተሚያ ሰሌዳው ዝግጅት አንድ ጊዜ ብቻ የሚከፈልበት ስለሆነ ቅጂው በበዛ ቍጥር የአንዱ ዋጋ ይቀንሳል። ወረቀት ከውጭ አገር በምንዛሪ የሚገባ ዕቃ መሆኑንና በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የአስመጪው ሒሳብ እንዴት እንደ ተለወጠ ለዚህ ጋዜጣ አንባብያን ማስረዳት አያስፈልግም።

የጌዴኦ ሰው የታወቀ ስም ያለውን ዋጋ ከማንም ይልቅ ያውቃል። «ይርጋጨፌ» የሚለው ስም በአሜሪካ የንግድ ምልክት ሆኖ እንዲመዘገብ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2005 ማመልከቻ አቀረበች፤ በማግሥቱ ዓመት ተፈቀደላት፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር ስምምነት ተፈራረመች። ያ ሁሉ ክርክር ስለ ስም ነበር፤ ምክንያቱም ባሕር ማዶ ያለው ጠጪ ፍሬውን ሳያይ ስሙን ጠርቶ ይጠይቃል። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ቡና በኢትዮጵያ ምርት ገበያ በኩል በየአካባቢውና በየደረጃው እየተደባለቀ መሸጥ ሲጀምር፣ የእጥበት ጣቢያው ስም በመንገድ ላይ ይጠፋ ስለ ነበር፣ አንዱን ጣቢያ መርጦ የለመደ ገዢ ዕቃውን መልሶ ለማግኘት ይቸገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የቡና ግብይት አዋጅ ምንጩ እንዲታወቅ መንገድ ከፍቷል። ስሙ በአከፋፋዩ ክምር ውስጥ የጠፋበት ደራሲም የሚደርስበት ይኸው ነው፤ አንባቢው «ያ ደስ ያለኝ መጽሐፍ» ይላል እንጂ የማን እንደ ሆነ አያስታውስም። ስለዚህ የደራሲው ስም በሽፋኑ ጀርባ (መጽሐፉ በመደርደሪያ ሲቆም በሚታየው ጠባብ ወገን) በጉልህ መጻፉ ትንሽ የሚመስል ትልቅ ነገር ነው።

ስም ግን በጉልህ ስለ ተጻፈ ብቻ ደንበኛ አያመጣም። ቡና ላኪ ናሙና ይልካል፤ ገዢው ናሙናውን ቀምሶ ይዋዋላል፤ የተጫነው ዕቃ ከናሙናው ያነሰ ሆኖ ከተገኘ ያ ገዢ ሁለተኛ አይጽፍም። የፍቅር ልብ ወለድ ናሙናው ሽፋኑና የመጀመሪያዎቹ ገጾች ናቸው። አንባቢው ሱቅ ውስጥ ቆሞ ሁለት ገጽ ያነባል፤ የሁለት ሰዎች መዋደድ፣ በመካከላቸው የገባው መሰናክልና የነገሩ መጨረሻ እንደሚተረክለት ተስፋ ያደርጋል። ሽፋኑ ፍቅር ብሎ ውስጡ ስብከት ወይም የፖለቲካ ክርክር የሆነ መጽሐፍ አንድ ጊዜ ይሸጣል። በፊደል ስሕተት የተሞላ፣ ገጹ የተዘለለ፣ ሙጫው የለቀቀ መጽሐፍም እንዲሁ ነው፤ ለአራሚ የሚከፈለውን ገንዘብ የሚሰስት ደራሲ ሁለተኛውን መጽሐፉን በመጀመሪያው ይገድለዋል።

የአገራችን ደራስያን አንባቢን ስለ ማቆየት ብዙ አስተምረዋል። ብርሃኑ ዘሪሁን በ1952 ዓ.ም. ያወጡት «ሁለት የእንባ ደብዳቤዎች» በደብዳቤ መልክ የተጻፈ ሲሆን፣ ጋዜጠኛ የነበሩት ደራሲ አጫጭር ዓረፍተ ነገር መርጠው ነበርና ለማንበብ ገና የሚለማመደውን ሁሉ አላስቸገሩም። የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ወጥቶ ከቆየ በኋላ፣ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ማንበብ የማይችለውም የሰብለ ወንጌልንና የበዛብህን ነገር እንደ ጎረቤቱ ነገር ይጠይቅ ጀመር። የሲሳይ ንጉሡ «ሰመመን» የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ፍቅር ስለሚተርክ ከአንዱ የተማሪ ትውልድ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ኖሯል። ይስማዕከ ወርቁ ደግሞ በ2001 ዓ.ም. «ዴርቶጋዳ»ን አውጥቶ፣ ታሪኩን በ«ራማቶሓራ» እና በ«ዣንቶዣራ» ስለ ቀጠለ፣ የመጀመሪያውን የገዛ ሁሉ የሚቀጥለውን የሚጠብቅ ሆነ። መጽሐፉ ስለ ፍቅር ብቻ የተጻፈ አይደለም፤ መንገዱ ግን ለፍቅር ደራሲም ይሆናል።

ከአፍሪካ ወገን ደራስያን ያለ አሳታሚ በፍቅር መጻሕፍት ገበያ ያቆሙበት የታወቀ ቦታ የሰሜን ናይጄርያ ከተማ ካኖ ናት። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ፣ ብዙዎቹ ሴቶች የሆኑ ደራስያን በሐውሳ ቋንቋ የፍቅርና የትዳር ታሪክ እየጻፉ፣ ለማተሚያ ቤት ከኪሳቸው እየከፈሉ፣ በገበያ ላሉ መጽሐፍ ሻጮች ያስረክቡ ነበር። ረጅሙን ታሪክ በአንድ ውድ ጥራዝ ከማውጣት ይልቅ ክፍል አንድ፣ ክፍል ሁለት እያሉ በትንንሽ መጽሐፍ ይቈራርጡታል፤ ወጣቷ በእጇ ባለው ትንሽ ገንዘብ አንዱን ትገዛለች፣ ነገሩ የተሰቀለበትን ቦታ ለማወቅም ለሚቀጥለው ተመልሳ ትመጣለች። ደራስያኑ አድራሻቸውን በመጽሐፉ ላይ ስለሚያትሙ ከአንባብያን ደብዳቤ ይጐርፍላቸዋል፤ ሬዲዮ ጣቢያዎችም መጻሕፍቱን ያስነብባሉ። ከእነርሱ አንዷ የሆኑት ባላራባ ራማት ያኩቡ እ.ኤ.አ. በ1990 ያወጡት መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2012 በእንግሊዝኛ ተተርጕሞ ሕንድ አገር ታትሟል። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2007 የካኖ ግዛት ገዢ መጻሕፍቱ ልጃገረዶችን ያበላሻሉ በማለት በሴቶች ትምህርት ቤት ውስጥ አስቃጥለዋቸዋል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለባለሱቅም ነው፤ የፍቅር መጽሐፍ የሚገዛው ወጣት ቢሆን ገንዘቡን የሚሰጠው ብዙ ጊዜ ወላጅ ነውና፣ ለየትኛው ዕድሜ የትኛው እንደሚስማማ ሳያውቅ የሚሸጥ ሰው የቤተሰቡን ሁሉ እምነት ያጣል።

መጽሐፍ በቀን ሒሳብ ማከራየትን በተመለከተ አንዳንድ ደራስያን ያማርራሉ። ቅሬታቸው በሚገባ የተመዘነ አይመስልም። በሎንዶን እ.ኤ.አ. በ1908 የተቋቋመው ሚልስ ኤንድ ቡን የተባለው አሳታሚ በ1930ዎቹ የፍቅር መጻሕፍቱን በዋናነት ያቀረበው በጥቂት ሳንቲም ለሚያከራዩ ቤተ መጻሕፍት ነበር፤ ጥራዞቹ ሁሉ ቡናማ ስለ ነበሩ ሴቶቹ በቀለማቸው እየጠሩ ይጠይቋቸው ነበር። በኪራይ የለመደ ሰው ገንዘብ ሲያገኝ ይገዛል። የሚጐዳው ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም ያለ ፈቃድ ተባዝቶ በርካሽ የሚሸጠው ቅጂና በስልክ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፈው የመጽሐፍ ፎቶግራፍ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 410/1996 ለደራሲው በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት መብቱን ይጠብቅለታል፤ የይርጋጨፌን ስም ለማስመዝገብ የደከመው የአእምሯዊ ንብረት መሥሪያ ቤትም የቅጂ መብትን ጉዳይ የሚከታተለው ያው ነው። የተሰረቀ ቅጂ በመደርደሪያው የሚያስቀምጥ ባለሱቅ የጎረቤቱን የቡና ስም በሌላ ጆንያ ላይ ከሚጽፍ ሰው አይለይም።

ወደ ዲላ ስንመለስ፣ የአንባቢው ጠባይ በሁለት ነገር ይወሰናል። አንደኛው ዩኒቨርሲቲው ነው፤ ከየአገሩ የሚመጣው ተማሪ ልብ ወለድ ከሚገዙት ዋነኛው ሲሆን፣ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ይሄዳል። ስለዚህ በዲላ ቋሚ አንባቢ ማለት አንድ ሰው ሳይሆን ለተተኪው «የእገሌን መጽሐፍ አንብብ» ብሎ የሚሄድ የሰዎች ሰንሰለት ነው፤ ሰንሰለቱም የሚበጠሰው መጽሐፉ ከሱቅ ጠፍቶ አንድ ዓመት ሲያልፍ ነው። ሁለተኛው ቡና ነው። ከጥቅምት ጀምሮ እሸት ቡና ሲለቀም በዲላ፣ በወናጎ፣ በይርጋጨፌና በጨለለቅቱ ገንዘብ ይዘዋወራል፤ በክረምት ግን ኪስ ይጠብቃል። አዲስ መጽሐፍ በሐምሌ የሚልክ ደራሲ ከዝናቡ ጋር ይታገላል። በመስከረም መጨረሻ ቢልክ ግን ሁለቱንም ደንበኞች ያገኛል። ደራሲው ራሱ መጥቶ መጽሐፉን በከተማው ቢያስመርቅ የመንገዱን ወጪ በዚያው ቀን ሽያጭ ሊሸፍን ይችላል፤ ከአዲስ አበባ እስከ ዲላ ያለው መንገድ ከ360 ኪሎ ሜትር ገደማ አይበልጥምና።

ባለሱቁ ደግሞ ብዙ ካፒታል አያስፈልገውም፤ መጽሐፉን በአደራ ተረክቦ የተሸጠውን ሊከፍልና ያልተሸጠውን ሊመልስ ይችላል። ዋናው ነገር የክፍያው ቀን ነው። ለደራሲው በሦስት ወር ውስጥ ሊገባ የሚገባው ገንዘብ ዓመት ከቆየ፣ ማተሚያ ቤቱ አይጠብቀውም፤ ሁለተኛው መጽሐፍ አይወጣም፤ ያን መጽሐፍ ሊጠይቅ የሚመጣው ደንበኛም ከባለሱቁ ደጅ ባዶ እጁን ይመለሳል። ከዚህ ሌላ አንድ ደብተር ተዘጋጅቶ የገዢው ስም፣ የወሰደው መጽሐፍና ፈቃዱ ከሆነ የስልክ ቍጥሩ ቢመዘገብበት፣ የዚያው ደራሲ አዲስ ሥራ በደረሰ ቀን ማን እንደሚጠራ ይታወቃል። ደራሲ አዲስ አበባ ተቀምጦ ይህን ዝርዝር በምንም ዋጋ አያገኘውም፤ ባለሱቁ በሚቀጥለው ውል ላይ ለድካሙ ከፍ ያለ ኮሚሽን ቢጠይቅበትም ተገቢ ነው።

ስለ ማከማቻም አንድ ቃል ይጨመር። በጌዴኦ ደጋ እርጥበት ስለሚበዛ የመጽሐፍ ካርቶን ከወለል ከፍ ባለ እንጨት ላይ ይቀመጥ። ቡና በሚከማችበት መጋዘን ውስጥ ግን ፈጽሞ መግባት የለበትም፤ ቡናው የማተሚያ ቀለሙን ሽታ ይስባል፣ ወረቀቱም ገና በሚገባ ካልደረቀው ቡና እርጥበት ይቀበላል፤ በዚያን ጊዜ ባለንብረቱ በሁለቱም ዕቃ ላይ ቅሬታ ይደርሰዋል።